ሰቢያን ላይ ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት፦ የአንድ ሕንፃ የጉዳይ ጥናት

ሕንፃው ያለው ድሬዳዋ፣ ሰቢያን ሰፈር ነው። አራት ፎቅ ነው፤ ምድሩ ሱቅ፣ ሁለተኛው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ፣ የቀረው ቢሮ። ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ስለሚያልፍ ፊቱ ወደዚያው ዞሯል፤ ፊት ሲባል ደግሞ እንደ ዘመኑ ወግ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ለብሷል። እኔ የተጠራሁት ክሊኒኩ ኪራይ ላያድስ ነው ተብሎ ነው። ዶክተሯ ያቀረቡት ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፦ በመንገድ በኩል ያለው የሕክምና ክፍል ከሰዓት በኋላ ሁለት ኤሲ ተከፍቶለት እንኳ አይቀዘቅዝም። ታካሚው ወንበር ላይ ተንጋልሎ ላቡ ይወርዳል፣ የእሳቸውም መነጽር በጭንብሉ ትንፋሽ ይጨፈናል።

የሕንፃውን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። ውጭ አገር የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ስለ ስማርት መስታወት ነግሯቸዋል፤ ሙቀት ሲሰማው ወይም ቁልፍ ሲነኩት ራሱ የሚጠቁር፣ ኤሲን ሥራ የሚያስፈታ መስታወት። ሀጂ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። ይህ ነገር እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ለእኔ ሕንፃ ይሆናል ወይ? ለመጀመሪያው መልሱ አዎ ነው፣ እውነት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን መልሴ አይሆንም የሚል ነበር፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ደግሞ ከፀሐይዋ መነሳት ግድ ሆነ።

ድሬ በቀትር ትዘጋለች። ሱቁም ቢሮውም ገርበብ ይላል፣ ሰዉ ወደየቤቱ ይገባል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ የሚተኛው ይተኛል፤ ከተማዋ እንደገና የምትነሳው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ይህ ልማድ ከብዙ ዘመናዊ የሕንፃ ዲዛይን ይልቅ አስተዋይ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ልማዱ የተበጀው ወፍራም ግድግዳና ትንንሽ መስኮት ላለው ቤት ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ሰዓቱን ይገለብጠዋል። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ምዕራብ ፊት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ጨረር የለም ማለት ይቻላል። 10 ሰዓት ላይ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። ክሊኒኩ ለከሰዓት ታካሚ በሩን የሚከፍተው ታዲያ በዚያው ሰዓት ነው።

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት ወራት ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ለአውሮፓ በተጻፉ መጻሕፍት የሚገኘው «ደቡቡ ይሞቃል፣ ሰሜኑ ይቀዘቅዛል» የሚል ደንብ እዚህ ለወራት ተገልብጦ ይከርማል። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በዚያ ጊዜ 1 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጣሪያ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ ያጠላዋል። ይኸው 1 ሜትር ጣሪያ በምዕራብ ፊት፣ በመጋቢት አጋማሽ 10 ሰዓት ላይ የሚሰጠው ጥላ 70 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ፀሐይዋ ያን ጊዜ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ሀጂ መጀመሪያ ያሰቡት በየፎቁ የሲሚንቶ ምላስ ማውጣት ነበር። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳያቸው «ለእርግብ ማረፊያ ነዋ የምሠራው!» ብለው ተዉት።

የክፍሉ ሒሳብ

የሕክምናው ክፍል መስታወት 4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ 12 ካሬ ሜትር። ሰማዩ በጠራ ቀን 10 ሰዓት ላይ በምዕራብ ፊት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 700 ዋት ይጠጋል። መስታወቱ ተራ ነጭ፣ ማለትም ቀለም የሌለው፣ ቢሆን ኖሮ ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። የሀጂ መስታወት ቀለም የተነከረ ሰማያዊ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ 60 በመቶ ገደማ ያሳልፋል። ስለዚህ 700 በ0.6 ሲባዛ 420 ዋት፣ እሱ ደግሞ በ12 ካሬ ሜትር ሲባዛ 5 ኪሎዋት ይሆናል። አንድ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ አውጥቶ የሚጥለው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ያውም የውጭው አየር 35 ዲግሪ በሆነበት መለኪያ፣ አዲስ እያለ፣ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ። ሁለቱ ኤሲዎች ያላቸው አቅም በድምሩ 7 ኪሎዋት ሲሆን 5ቱን የሚበላው መስኮቱ ብቻውን ነው። በቀረችው 2 ኪሎዋት ደግሞ የሰውን፣ የመብራቱን፣ የማምከኛውን፣ የሞቀውን ግድግዳና በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን አየር መቋቋም አለባቸው። በዚያ ላይ የኤሲዎቹ የውጭ አካል የተሰቀለው እዚያው ምዕራብ ግድግዳ ላይ ነው። ሙቀት ሊጥል የወጣው ማሽን ራሱ ፀሐይ እየመታው ይውላል።

ከሒሳቡ የማይታይ ሌላም ነገር አለ። ቀለም የተነከረ መስታወት ጨረሩን የሚያስቀረው ወደ ራሱ በመምጠጥ ነው። የመጠጠውን ይዞ ይግላል፤ የመስታወቱ ሙቀት 45 ዲግሪ አካባቢ ይደርስና እንደ ትልቅ ምጣድ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይረጫል። ኤሲው አየሩን 24 ዲግሪ ቢያደርሰው እንኳ ጎኑን ለመስታወቱ የሰጠ ታካሚ እየተቃጠለ ነው። ዶክተሯ «ቴርሞሜትሩ ደህና ነው ይላል፣ ሰዉ ግን ሞቀኝ ይላል» ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ቴርሞሜትሩም ሰዉም አልዋሹም። ይባስ ብሎ ሰማያዊው ቀለም ብርሃኑን ግማሽ ያህል ስለሚያስቀር በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል።

እዚህ ላይ ስለ ፀሐይ ብርሃን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ምድር ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል ዓይናችን የሚያየው ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ነው። ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው፤ አይታይም፣ ለማንበብም ጥርስ ለማከምም አይጠቅምም፣ ሙቀት ብቻ ነው። ጥቂቱ ደግሞ አልትራቫዮሌት ነው። ስለዚህ ጥሩ የመስኮት ቅብ ማለት የሚታየውን አሳልፎ የማይታየውን የሚመልስ ነው። ጨለማ መስታወት ሁሉ ቀዝቃዛ ይመስለናል፤ መኪና ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ፊልም ያስለመደን ይመስለኛል። ግን አይደለም። ነጭ የሚመስል ሆኖ ከሰማያዊው በእጅጉ ያነሰ ሙቀት የሚያሳልፍ መስታወት አለ። ውፍረቱ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆነ የብር ንጣፍ፣ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት ተደራርቦ፣ በቫክዩም ውስጥ ይለበጥበታል። ብሩ አየርና እርጥበት ሲነካው ስለሚበላሽ በሁለት መስታወቶች መካከል ታሽጎ ነው የሚኖረው።

ስማርት የሚባሉት

የወንድማቸው ልጅ ለሀጂ የነገራቸው በሁለት የተለያዩ መስታወቶች ቅልቅል ነበር። አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚጠቁረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ላይ የተሳፈረ ሰው አይቶታል፤ መስኮቱ የሚጎተት መጋረጃ የለውም፣ ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ራሱ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ለሕንፃ በሚሠራው ዓይነት ዋናው ንጥረ ነገር የታንግስተን ኦክሳይድ ነው። ሳትየን ዴብ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህ ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ቀለሙን እንደሚለውጥ አሳየ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ስዊድናዊው ክሌስ ግራንክቪስት ነገሩን ወደ መስኮት አመጡት። ከጥቂት ቮልት የማይበልጥ ኃይል ጥቃቅን አየኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞችን) ወደ ንጣፉ ሲገፋ መስታወቱ ሰማያዊ ይሆንና ይጠቁራል፤ ሲገለበጥ ይጠራል። ለሕንፃ የሚሸጡት ጥሩዎቹ ሲጠሩ 40 በመቶ ገደማ፣ ፍጹም ሲጠቁሩ 9 በመቶ ያህል ሙቀት ብቻ ያሳልፋሉ። በሀጂ ክፍል ሒሳብ 5 ኪሎዋቱ ወደ 750 ዋት ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ያልወደድኩለት ነገር ሌላ ነው። ፍጹም በጠቆረበት ሰዓት የሚያሳልፈው ብርሃን 1 በመቶ ያህል ስለሆነ ሐኪሟ በአምፖል ብቻ ይሠራሉ። እያንዳንዱ መስታወት ሽቦና መቆጣጠሪያ አለው፤ አንዱ ቢሰበር ምትኩ ከውጭ በልኩ ተሠርቶ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎ፣ መርከብ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። ዋጋውም ከተራ ድርብ መስታወት ብዙ እጥፍ ነው። መብራት ሲጠፋ መስታወቱን እንደተፈለገ መለወጥ አይቻልም፤ ኤሲውም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ መከላከያ ለድሬ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው በሙቀት የሚለወጠው ነው፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት የለፉበት ይህ ነው። ሽቦ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ኤፍ. ጄ. ሞሪን እ.ኤ.አ. በ1959 በቤል ላብራቶሪ ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ 68 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ድንገት ጠባዩን ቀይሮ እንደ ብረት እንደሚሆን አገኘ። ከዚያ በታች ኢንፍራሬድ ያሳልፋል፣ ከዚያ በላይ ይመልሳል። መስታወት 68 ዲግሪ ስለማይደርስ ታንግስተን ጣል ያደርጉበታል፤ በየ1 በመቶው የመለወጫው ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። 2 በመቶ ያህል ሲገባበት የክፍል ሙቀት አካባቢ ይደርሳል። ሥራው በዚህ አያልቅም። ቅቡ ቢጫ ወደ ቡና የሚያደላ ቀለም አለው፣ ብርሃን ይሰርቃል፣ አየር ካገኘው እየቆየ ወደ ሌላ ኦክሳይድ ይለወጣል። በቀዝቃዛና በሞቃት ሁኔታው መካከል የሚያመጣው የፀሐይ ኃይል ልዩነትም ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሌላ መንገድ የሞከሩት ደግሞ በውኃ የተሞላ ጄል ይጠቀማሉ፤ 32 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እንደ ወተት ይነጣል።

አሁን ይህን ወደ ድሬ እናምጣው። የሚለወጥ መስታወት የተፈለሰፈው ክረምት ቤት ማሞቅ ላለበት አገር ነው። በስቶክሆልም በጥር የሚገባ ፀሐይ ነፃ ማሞቂያ ነው፤ በሐምሌ ግን ጠላት ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ መስታወት እዚያ ትርጉም አለው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብታሞቀኝ ብሎ የሚናፍቅ ቢሮ በየትኛውም ወር የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ግን እንደሞቀ ነው። በ25 ዲግሪ የሚለወጠው ቅብ እዚህ ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ይለወጥና እስኪመሽ እንደተለወጠ ይውላል። 32 ዲግሪ ላይ የሚነጣው ጄልም በሚያዝያና በግንቦት ገና በረፋዱ ነጥቶ ቀኑን ሙሉ ዓይን የሚከለክል ግድግዳ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ሁኔታ ለሚውል ነገር የመለወጥ ችሎታ መክፈል ምንድነው? ቋሚው የብር ቅብ ቀለም ሳያበላሽ፣ ብርሃን ሳይሰርቅ ከዚያ የተሻለ ይሠራል።

በኤሌክትሪክ የሚለወጠውን እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር ማሰናበት አይቻልም። ወቅት ባይኖረንም ሰዓት አለን፤ ምዕራብ ፊት ጠዋት ጥላ ነው፣ ከሰዓት እሳት ነው። ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት የሚጠቁር መስታወት እውነተኛ ጥቅም ይኖረዋል። ጥያቄው ያንኑ ከመስታወቱ ፊት በሚቆም፣ በእጅ በሚዞር የአልሙኒየም ክንፍ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ሻጩና መለኪያው

በዚህ መሀል ሀጂ ከአንድ አስመጪ «ስማርት ፊልም» የሚል ናሙና ተልኮላቸው አገኙት። ሲሰኩት ይጠራል፣ ሲነቅሉት እንደ ወተት ይነጣል። ደስ ይላል። ሱቅ ውስጥ ያየ ሁሉ ይገዛዋል። ይህ ግን ለስብሰባ ክፍል ግላዊነት የተሠራ ፊልም ነው፤ ሲነጣ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አይመልሰውም፣ የተበተነውም አብዛኛው ወደ ፊት፣ ወደ ክፍሉ ነው የሚሄደው። ዓይን ይከለክላል፣ ሙቀት ግን ብዙም አይከለክልም። ሁለቱም ስማርት ስለተባሉ ነው ሀጂ ያምታታቸው፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም በዚሁ ስም ነው።

ሌላው አስመጪ ቋሚ ፊልም ይዞ መጣ፤ «99 በመቶ ሙቀት ይከለክላል» ይላል። በሙቀት አምፖልና በትንሽ መለኪያ አሳየ። እጅን ከፊልሙ ጀርባ ሲያደርጉት በእርግጥ አይሞቅም። ነገር ግን አምፖሉ የሚያወጣው አብዛኛው ኢንፍራሬድ ነው፣ ፀሐይ ግን ግማሿ ብርሃን ነው፤ እሱም ወለል ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል። መለኪያውም የሚያነበው አንድ ጠባብ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 950 ወይም 1,400 ናኖሜትር አካባቢ። በዚያች ነጥብ ላይ 99 የሚከለክል ፊልም በጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ላይ ከ50 እስከ 60 በመቶ ብቻ ሊከለክል ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው ጠቅላላው የፀሐይ ሙቀት ማሳለፊያ ልክ ነው፤ የእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ኤስ ኤች ጂ ሲ፣ አውሮፓውያኑ ዘንድ ጂ የሚባለው፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር። ከጎኑ የብርሃን ማሳለፊያው ይጻፋል። ብርሃኑ ለሙቀቱ ሲካፈል ከ1.25 በላይ ከሆነ ቅቡ የሚታየውንና የማይታየውን በደንብ እየለየ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መስጠት ያልፈለገ ሻጭ ጋር ድርድር መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው።

«ሎው-ኢ» (ሙቀት የመርጨት ጠባዩ ዝቅተኛ የሆነ ቅብ) የሚል ጽሑፍም ብቻውን አያድንም። ለቀዝቃዛ አገር የሚሠራው ጠንካራ ሎው-ኢ የቲን ኦክሳይድ ቅብ ነው፤ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውስጥ እየመለሰ ይይዛል፣ የፀሐይዋን ግን 70 በመቶ ገደማ ያስገባል። ያን ድሬ ላይ መግጠም ብርድ ልብስ ለብሶ ከዚራ ሰፈር መንሸራሸር ነው።

ፊልሙን በነባሩ ሰማያዊ መስታወት ላይ መለጠፍ ለምን አልተመረጠም? ሰማያዊው መስታወት ቀድሞውኑ ሙቀት ጠጪ ነው። ፊልም ከውስጥ ሲለጠፍበት ያለፈው ጨረር ተመልሶ እንደገና ያልፍበትና የበለጠ ይግላል። መሀሉ ሲግል በአልሙኒየሙ ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ቀዝቃዛ ይቀራል፣ መሀሉ ይለጠጣል፣ ጠርዙ ይሳባል። መስታወቱ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ካልሆነና ጠርዙ በእጅ መቁረጫ ተቆርጦ ከተሰነጣጠቀ ከዚያ ጀምሮ ይሰነጠቃል። የሀጂ መስታወት ቴምፐርድ አልነበረም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ ሰው የሚተላለፍበት ቦታ፣ ይህን አደጋ መውሰድ አልፈለግኩም።

የተሠራው

መጀመሪያ ያቀረብኩት ወጪ የሌለውን ነበር፤ የሕክምና ወንበሩ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር። ዶክተሯ ወለሉን አሳዩኝ። የውኃው፣ የፍሳሹና የኮምፕረሰሩ ቧንቧ በወለሉ ውስጥ የተቀበረው በዚያ ክፍል ነው፤ ወንበሩን ማዛወር ክሊኒኩን እንደ አዲስ መሥራት ነው። የመድኃኒትና የቁሳቁስ ማከማቻም እዚያ ሊደረግ አይችልም፣ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለበት ነገር ብዙ ነው።

ስለዚህ ወደ ውጭ ጥላ መጣን። የፀሐይን ሙቀት ለመከልከል ትክክለኛው ቦታ መስታወቱን ከማለፏ በፊት ነው፤ የውስጥ መጋረጃ የሚሸፍነው የገባውን ሙቀት ነው። ይህን ድሬ ከማንም በፊት ታውቃለች። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ከተቆረቆረች በኋላ ከዚራ ላይ የተሠሩትን የባቡር ሠራተኞች ቤቶች ማየት ይበቃል፦ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚዘጋ ባለርብራብ የእንጨት መዝጊያ፣ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ያጠላ ዛፍ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ስንገባም ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መንገዱም ጠባብ ሆኖ ራሱን ያጠላል። ሰቢያን ላይ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ሁሉ ይህን ረስቶ መስታወት ብቻ መልበሱ ያናድደኛል።

የቆሙ የአልሙኒየም ክንፎች ለማድረግ ተስማማን፤ ከመስታወቱ በክንድ ያህል ርቀው፣ በዘንግ ላይ የሚዞሩ፣ ቀለማቸው ነጣ ያለ። ለምን የሚዞሩ? በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ነው፣ በታኅሣሥ ደግሞ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ። በአንዱ ወቅት ልክ የተቸነከረ ክንፍ በሌላው ወቅት በሩን ከፍቶ ይሰጣል። ጠዋት ሲከፈቱ ብርሃንና መንገዱ ይታያል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ሲዘጉ ጥላ ነው። የኤሌክትሪኩ መስታወት በሽቦ የሚሠራውን ይህ በአንድ እጀታ ይሠራዋል።

አልሙኒየም ሠሪው ወጣት ነው፤ የድሬ ልጅ ደግሞ አንቱታ አያበዛም። «ሀጂ፣ ስማኝማ አቦ» ብሎ ጀመረ፣ «ሞተር እንግጠምለት፣ በስልክ ይዙር።» ሀጂ ሊስማሙ ነበር። እጀታው ይቅር የተባለበት ምክንያት አልነበረምና እንዳለ ቆየ፤ አቧራ የሚበላው ሞተር መጠገኛው ሌላ ራስ ምታት ነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ ጊዜ የወሰደው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ሀጂ እንዲህ አሉ፦ «መብራቱን የምትከፍለው እሷ፣ ክንፉን የምገዛው እኔ። ለእኔ ምን ይገባኛል?» ዶክተሯም በበኩላቸው በሰው ሕንፃ ላይ፣ ውሉ ሲያልቅ ተነቅሎ የማይወሰድ ነገር ላይ ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከተማችን ውስጥ ብዙ መልካም ነገር የሚቀረው በቴክኖሎጂ እጥረት ሳይሆን በዚህ ክፍተት ይመስለኛል። መብራት ርካሽ በነበረ ጊዜ ማንም አያነሳውም ነበር፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ ኃይል ሞልቷል የሚል ሰው አይጠፋም። ኃይሉ ቢሞላም በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው የሚያልፈው፤ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ኤሲው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ የሚጨነቀው እሱ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በውሉ ውስጥ ነው። ውሉ ለረጅም ጊዜ ታደሰ፤ ዶክተሯ የወጪውን ከፊል በቅድሚያ ከፍለው ከኪራዩ በየወሩ ይታሰብላቸዋል፤ ክንፉ የሕንፃው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ የኤሲ የውጭ አካላትም ወደ ሰሜን ግድግዳ ዞሩ።

በስሌት፣ የተዘጋ የውጭ ክንፍ ከመስታወቱ ጋር ተዳምሮ የሚያሳልፈው ከ15 በመቶ ካልበለጠ 5 ኪሎዋቱ ወደ 1.3 ኪሎዋት ይወርዳል። በተግባር የታየው ደግሞ አንዱ ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት መዋሉና ታካሚው ጎኑን ከመስታወቱ ማራቁን መተዉ ነው። ቅሬታም አለ። አቧራ ይጠጣል፣ መጥረግ ያስፈልጋል። ክንፉ ሲዘጋ የክሊኒኩን ታፔላ ከመንገዱ ስለጋረደው ታፔላው ዝቅ ብሎ ተሰቀለ። ሀጂ ደግሞ እስካሁን የሕንፃዬን ፊት ሸፈናችሁት ይላሉ፤ መስታወቱን ያለበሱት እንዲያብረቀርቅ ነበርና። ሦስተኛው ፎቅ ያለው ቢሮ በወጪው አልስማማም ብሎ እንደነበረው ይቃጠላል።

ለእኛ የሚሆን ቅብ

ለዚህ አገር ቅብ ለመሥራት የሚነሳ ተመራማሪ ወይም ተማሪ ቢጠይቀኝ፣ መለወጡን ለሌሎች ተውላቸው እለዋለሁ። እኛ የሚያስፈልገን የማይለወጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኢንፍራሬዱን የሚከለክል፣ ቆሞ ባለ ነባር መስታወት ላይ የሚቀባ፣ አቧራና መጥረጊያ የሚችል ነገር ነው። አንቲሞኒ የተጨመረበት የቲን ኦክሳይድና ሲዚየም ያለበት የታንግስተን ኦክሳይድ ደቃቅ ብናኞች ይህን በከፊል ይሠራሉ፤ ቫክዩም ማሽን ሳያስፈልግ በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው ሊረጩ ወይም በፊልም ሊያዙ ይችላሉ። ጉድለታቸው ኢንፍራሬዱን የሚመልሱት ሳይሆን ወደ ራሳቸው የሚመጥጡት መሆኑ ነው፤ መስታወቱ ይግላል፣ ስለዚህ የመሰንጠቁ ነገር ይነሳል፣ ቦታቸውም በውጭው ገጽ በኩል ቢሆን ይሻላል። እዚያ ደግሞ ፀሐይና አሸዋ ይጠብቋቸዋል። ሊጠና የሚገባው ይህ መጋጠሚያ ነው።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ፀሐይ እየመታው ከአካባቢው አየር በ5 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ገጽ አሳይተዋል፤ ሙቀቱን ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ባለው ሞገድ በቀጥታ ወደ ጠፈር ይሰዳል። ይህ የሚሠራው ሰማዩ ደረቅና የጠራ ሲሆን ነው፣ ድሬ ደግሞ ይህ ሰማይ አላት። ያ እስኪደርስ ቆርቆሮን ነጭ መቀባት ማንንም አያከስርም። የሀጂ አራተኛ ፎቅ በዚህ ተጀምሯል።

ሀጂ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ሌላ ሕንፃ ሊያቆሙ ነው። ለአርክቴክቱ የሰጡትን ወረቀት አሳይተውኛል፦ በምዕራብ በኩል ደረጃው፣ መጸዳጃ ቤቱና ሊፍቱ ይሁን፤ መስኮቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፣ ከላዩ 1 ሜትር ጥላ ይኑረው፤ መስታወቱ ከመገዛቱ በፊት ሁለቱ ቁጥሮች በጽሑፍ ይቅረቡ። ለመንገዱ ፊት ያስቀሩት ምድር ላይ ያለውን የሱቅ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱንም በረንዳ ሥር።